«ሲስተሙ ነው» ብዬ የፈረምኩበት ቅዳሜ

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ ብቸኛዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ስል በድርጅቱ ውስጥ ኮምፒውተር ሲቆም የማልደነግጠው እኔ ብቻ ነበርኩ ማለቴ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ እጠራለሁ፣ ሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃላቸውን ሲረሱ እጠራለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ሳይቀር እጠራለሁ። ያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ስለነበር ደግሞ ብዙ እጠራለሁ። የትም ብጠራ መልሴ አንድ ነው፤ «ሲስተሙ ነው» እላለሁ። ሰዎቹም አንገታቸውን ነቅንቀው ይመለሳሉ። ማን አጠፋ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«የሞተር ወግ» የሚባል ማኅበር ነበረን። አዳራሽም ጽሕፈት ቤትም የሌለው፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚኖር ማኅበር ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይገባና የመኪናውን ሕመም ይጽፋል፤ የሚያውቅ ይመልስለታል፣ የማያውቅም ይመልስለታል። የወሰን ሰፈር ላዳ ሾፌሮች ነበሩበት፣ የሲ.ኤም.ሲ ባለ ቪላዎች ነበሩበት፣ መኪና ሳይኖራቸው ወደፊት ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎችም ነበሩበት፤ ከሁሉም በላይ የሚከራከሩት እነዚህ ናቸው። አብዛኛው አባል ቤቱ ኮምፒውተር ስለሌለው ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ በደቂቃ እየከፈለ ነው የሚጽፈው። «ዳገት ላይ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ምንድን ነው፣ ተክሌ ነኝ ባለላዳው» ብሎ ይወጣል። በማግስቱ ተመልሶ መልሱን በወረቀት ያሳትምና ወደ መኪናው ይሮጣል።

መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። ወሰን ውስጥ ጋራዥ አላቸው። ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ከየካ ተራራ ግርጌ ገብስ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ቪላ ተሠርቶበታል፤ ጋሽ ቶሎሳ ሙያውን የለመዱት ቪላዎቹን የሠሩትን ማሽኖች በጥበቃነት ሲጠብቁ፣ ሞተር ሲፈታና ሲገጠም እያዩ ነው። ስለ ሞተር አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ገብተው አልተማሩም፤ ኮምፒውተርም አይነኩም። ልጃቸው ጫልቱ ጥያቄዎቹን ታነብላቸዋለች፣ እሳቸው ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ይመልሳሉ፣ እሷ አስተካክላ ትጽፋለች። አባትና ልጅ አራት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። የጋሽ ቶሎሳ መልስ እንደ ሌሎቻችን «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አይልም። «መጀመሪያ ምንም ነገር አትፍታ። ሞተሩን አስነሥተህ አጠገቡ ቁምና ስማ» ብሎ ይጀምራል። እኔ መኪና አልነበረኝም፤ ግን የሳቸውን መልስ ሳላነብ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ሊቀ መንበራችን አቶ ገረመው ይባላሉ። በመሥሪያ ቤቴም የአስተዳደር ኃላፊ ስለነበሩ በሥራ ሰዓት አለቃዬ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሊቀ መንበሬ ናቸው ማለት ነው። በዚያ ዓመት ቢፒአር ስለሚባለው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሥልጠና ወስደው ተመለሱ። ዘመኑን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜ ቢፒአር ያልተደረገ ነገር አልነበረም፤ የኛ ድርጅት የሻይ ክበብ እንኳን «የመስተንግዶ የሥራ ሂደት» ተብሎ ሻዩ ግን እንደ ድሮው ቀጭን ነበር። አቶ ገረመው ድርጅቱ ውስጥ የሚለውጡት ሲያልቅባቸው ወደ «የሞተር ወግ» ዞሩ። መድረኩ የሚሠራበት ሶፍትዌር አሮጌና ቀርፋፋ ነውና በአዲስ ይተካ ተባለ። ለዚህም ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውን የሚከታተል ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሁለቱን የሚያቀናጅ አስተባባሪ ተመረጠ። ሥራውን የምሠራው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አቶ ገረመው ለብቻዬ ጠርተው ይህ ነገር ከተሳካ በማኅደሬ እንደሚገባና ክፍት የነበረው የክፍል ኃላፊነት ቦታ የእኔ እንደሚሆን ነገሩኝ። የዚያን ቀን ለእናቴ ኃላፊ ልሆን ነው ብዬ ነገርኳት፤ እሷም ለጸሎት ቡድኗ ሁሉ ተናገረች።

እዚህ ላይ ስለ ቀኑ ጉዳይ መንገር አለብኝ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነውና። መድረኩ ሲመሠረት፣ ገና ማንም ሳይጽፍበት፣ በየጽሑፉ ላይ እንዲወጣ የተዘጋጀው ቀን የፈረንጅ ነበር። አቶ ገረመው የራሳችን ዘመን አቆጣጠር እያለን እንዴት እንዲህ ይሆናል ብለው፣ መድረኩ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ቀኑ ወደ ኋላ እንዲመለስ አስደረጉ። ዓለም ሁለት ሺህ ዘጠኝ ሲል የእኛ መድረክ ሁለት ሺህ አንድ ይላል። ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ወራችንን እንደ ፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ብቻ አድርጎ ስለሚቆጥረው በየዓመቱ ከጥቅምት ሁለት ቀን ይጎድልብን ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ገብተው ያስተካክሉታል። ጳጉሜን ሲመጣማ መድረኩ ከነጭራሹ ይዘጋል። ይህን ሁሉ እንደ ኩራት እንጂ እንደ ችግር ያየው ሰው አልነበረም። እኔም አውቀው ነበር። ይህችን አንዲት ነገር ያዙልኝ፤ አውቀው ነበር።

ሥራው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ጫልቱ ቢሮዬ መጣች። ወደ ኮተቤ መሄጃ ያለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና አሠልጣኝ ይፈልጋል። ዲፕሎማ ይጠይቃል፤ ዲፕሎማ ለሌለው ግን «በጽሑፍ የተደገፈ የሙያ ልምድ» ይበቃል። ጫልቱ ደውላ የአባቷን ነገር ስታስረዳቸው፣ የጻፉትን ሁሉ ይዘው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይቅረቡ ብለዋታል። ለአባቷ ይህ ትልቅ ነገር ነው አለችኝ። ጋራዡ ያለበት ቦታ ለመንገድ ሥራ ስለሚፈለግ ሊነሡ ነው፤ ጉልበታቸውም እየታመመ ከመኪና ሥር መግባት እያቃታቸው ነው። መልሶቻቸውን አንድ በአንድ ልታሳትም ፈልጋ ነበር የመጣችው። እኔ ነኝ ቆዪ ያልኳት። አዲሱ ሶፍትዌር የአንድን ሰው ጽሑፍ በሙሉ ሰብስቦ አሳምሮ ያትማል፣ እስከ ቅዳሜ ታገሺ አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ገባሁ። ከጥበቃው በቀር ማንም አልነበረም። አዲሱን ሶፍትዌር ኢንተርኔት ላይ አዲስ በተከራየነው ቦታ ጫንኩ፣ የድሮዎቹን ጽሑፎች ወደ አዲሱ ማዛወር ጀመርኩ፤ መስመሩ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም። መሐል ላይ ሶፍትዌሩ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ከአምስት ዓመት በላይ የቆዩ ጽሑፎችን ላስወግድ ወይ ይላል፤ ቢወገዱ እንደሚመከርም ጨምሯል። መድረካችን ገና አራት ዓመቱ ነው፣ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ጽሑፍ ከየት ይመጣል ብዬ «አዎን» አልኩ። ሳቄ ሁሉ መጥቶ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሶፍትዌሩ በገዛ እጁ መጠባበቂያ ቅጂ ወሰደ፤ የቀድሞውን ቅጂ ደምስሶ በላዩ ላይ አስቀመጠው። እኔም በዕቅዱ መሠረት ለአሮጌው መድረክ ኢንተርኔት ላይ የተከራየነውን ቦታ ዘጋሁ፤ አቶ ገረመው በሪፖርታቸው ላይ «ሙሉ በሙሉ ተለቅቋል» የሚል ሐረግ ይፈልጉ ነበር። «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። ገብቼ ልይ ስል መብራት ሄደ። አረንጓዴ ጽሑፍ አይዋሽም ብዬ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ምረቃው ስምንት ሰዓት ላይ ወሰን ባለ የእድር አዳራሽ ነበር። የኢንተርኔት መድረክ ይመረቃል ወይ እንዳትሉኝ፤ ያን ጊዜ የማይመረቅ ነገር አልነበረም። በተዘጋ ላፕቶፕ ዙሪያ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ታስሯል። «ለውጡን ከዳር እናደርሳለን» የሚል ቲሸርት ለኮሚቴው ታድሏል፤ የእኔ ሁለት ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። ወንበር ላይ ከተቀመጡት መካከል ጋሽ ቶሎሳ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከጫልቱ ጎን ነበሩ። አቶ ገረመው ስለ ለውጥ አስፈላጊነት፣ ስለ ለውጥ ተግዳሮቶች፣ እንዲሁም ለውጥን ስለሚቃወሙ ሰዎች ተናገሩ፤ የተቃወመ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ በሰሐን የቀረበላቸውን መቀስ አንሥተው ሪባኑን ቆረጡ። ላፕቶፑ ተከፈተ፤ ምስሉ ግድግዳው ላይ በራ።

ያማረ ሰማያዊ ገጽ መጣ። ከሥሩ ራሴ ወደ አማርኛ የመለስኩት ጽሑፍ ይታያል፤ «እስካሁን ምንም ጽሑፍ የለም። የመጀመሪያው ጸሐፊ ይሁኑ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ገረመው ጽዳቱን ተመልከቱ፣ የድሮው መድረክ እንዴት የተዝረከረከ እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ አሉ፤ ሰው እንደገና አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። እጄ ላፕቶፑ ላይ ነበር፤ ገጹን ደግሜ ከፈትኩት፣ ሦስተኛም ከፈትኩት። ያው ነው። ዓይኔ ከላይ በኩል ጥግ ላይ ወዳለው ቀን ሄደ፤ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ይላል።

ያኔ ገባኝ። አዲሱ ሶፍትዌር የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። ትናንት የተጻፈው ሳይቀር ሁለት ሺህ አንድ የሚል ቀን ስላለው የስምንት ዓመት ጽሑፍ መስሎታል። የአምስት ዓመት ደንብ ስሰጠው አንዲት ሳያስቀር ሁሉንም አስወገደ። መጠባበቂያው ቅጂ የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የባዶ ቅጂ ነው። አሮጌውን ቦታ ደግሞ በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ።

ጫልቱ ለአባቷ በጆሮ አንሾካሾከች። ጋሽ ቶሎሳ ተነሡ፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው የፊት ለፊቱን ወንበር ይዘው ነው የተነሡት።

«የእኔ ጽሑፍ የት ነው ያለው?» አሉ።

አቶ ገረመው ጭብጨባውን በእጃቸው አስቁመው ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ብልህ ሰው ናቸው፤ ወዲያውኑ ስብሰባው ወደ ግምገማ መለወጡን አወጁ። ሂስና ግለ ሂስ ይካሄዳል ተባለ። አስተባባሪው ተነሥቶ ለኮሚቴው ወቅታዊ መረጃ ባለማቅረቡ ግለ ሂስ አደረገ። የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ በሁለት ስብሰባዎች ላይ አርፍዶ መምጣቱን አምኖ ሂሱን ዋጠ። አንዲት አባል የቲሸርቱ ቀለም አባላትን ባለማማከር መመረጡን አነሣች፤ በዚህ ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ። ማንም ሰው ምን ጠፋ፣ እንዴት ጠፋ አላለም። በመጨረሻ አቶ ገረመው የቴክኒክ ማብራሪያ እንድሰጥ ጠየቁኝ።

አዳራሹ በሙሉ አየኝ። የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ታየኝ፤ የእናቴ የጸሎት ቡድን ታየኝ።

«ሲስተሙ ነው» አልኩ።

አቶ ገረመው እፎይ ሲሉ አየኋቸው። ቃለ ጉባኤ ያዡ «በተፈጠረ የሲስተም ችግር ምክንያት» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ቶሎሳ ግን አልተቀመጡም ነበር። ይህ ሲስተም የምትሉት ማን ነው፣ የት ነው የምናገኘው ብለው ጠየቁ። አንዳንድ ሰዎች ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔ የሠራሁት መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው ቢገጭ» አሉ፣ «ፖሊሱ መጥቶ ማን ነው ያሰረው ይለኛል። ፍሬኑ ነው ብዬ ብመልስለት ይለቀኛል?»

አቶ ገረመው በአክብሮት፣ የእርስዎ ሥራ በእጅ የሚነካ ነው ጋሽ ቶሎሳ፣ ይሄኛው ቴክኖሎጂ ነው አሏቸው። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ወደ እኔ መጣ። የእኔ ስም ከሥር «የቴክኒክ ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል። ፈረምኩ።

የዚያን ሌሊት ለአንድ አፍታ እንኳን እንቅልፍ ወስዶኛል ብዬ አልዋሻችሁም። እሑድ ጠዋት እናቴ ለአምልኮ ስትዘጋጅ እኔ የቢሮውን ላፕቶፕ ይዤ ወደ ጋራዡ ወጣሁ። ከአምልኮ ቀርቼ ጋራዥ መሄዴን እስካሁን ታነሣብኛለች። ጋሽ ቶሎሳና ጫልቱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ የምንችለውን ያህል እንደገና እንጻፍ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ አልኳቸው። ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ በኦሮምኛ መረቁኝ። ሲስተሙ ያጠፋውን ይህች ልጅ ልትመልስ መጣች፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ኢንተላ ኮ አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መብራት የዚያን ቀን ተራው የሌላ ሰፈር ነበር። ላፕቶፑን ከላዳ ባትሪ ጋር በመቀየሪያ አያያዙልኝና መጻፍ ጀመርን። መጀመሪያ አልሄደልንም። ስለ ነጭ ጭስ ይንገሩኝ ስላቸው «ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ጋስኬቱ ይታይ» ይሉና ያበቃሉ። የድሮው መልስ እንዲህ አልነበረም፤ አንድ ገጽ ሙሉ ነበር፤ ሰውየው እንዳይደነግጥ፣ መካኒክ እንዳያታልለው፣ ራሱ በውኃው መጠን እንዲያረጋግጥ የሚመክር ነበር። ያንን ሁሉ ይበሉ እንጂ አልኳቸው።

«ያኔ የተናገርኩት ተክሌ ተጨንቆ ስለጠየቀኝ ነው» አሉ። «አሁን ማን ተጨነቀና ነው የምናገረው?»

ጫልቱ ስልኳን አንሥታ ወጣች። ተክሌ ባለላዳው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ከመኪናው ኪስ በዘይት የጠቆረ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ከኢንተርኔት ካፌ ያሳተመው መልስ ነው፤ ስምና ቀን ያለበት የላይኛው ግማሽ ተቀድዷል። የቀረውን ግን መኪናውን አስነሥቶ በቃሉ ጠየቃቸው። ጋሽ ቶሎሳ ተነሡ፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉ፣ ንግግራቸውም መጣ። እኔ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ጻፍኩ። ከቀትር በኋላ ሌሎችም መጡ፤ ከሲ.ኤም.ሲ ዶልፊን ሚኒባሳቸውን ይዘው የመጡ መምህርት፣ ከየካ አባዶ በሁለት ታክሲ የመጣ መኪና የሌለው ተከራካሪ። እነሱ ወረቀት አልነበራቸውም፤ ተከራካሪው ግን የተከራከረበትን ሁሉ በቃሉ ያስታውሳል። ጋሽ ቶሎሳን ደግሞ የሚያናግራቸው እንደዚህ የሚሞግታቸው ሰው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ንፋሱ ከእንጦጦ በኩል ሲቀዘቅዝ ስልሳ ገጽ ያህል ጽፈን ነበር። በየመሐሉ ጋሽ ቶሎሳ ቆሎ እየዘገኑ በእጄ ያስጨብጡኛል። በልቼ ነበር ብዬ ዋሽቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የጻፍነውን አሳትመን ሦስታችንም ኮሌጁ ደረስን። የኮሌጁ መዝጋቢ አስገቡን። ሦስት መርማሪዎች ነበሩ፤ ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የጻፍነውን አንድ በአንድ አገላበጡ። የጠሉት አይመስሉም፤ አንዱን ገጽ ለጎናቸው ላለው ሰው አሳዩት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከላይ ያለውን ቀን አዩ።

የአራት ዓመት ሥራ ነው ብለዋል አቶ ቶሎሳ፣ ነገር ግን ሁሉም የትናንት ቀን ነው ያለው አሉ። ጫልቱ ቃለ ጉባኤውን አወጣች። ሰብሳቢዋ አንብበው መለሱላት።

«ሲስተም መበላሸቱን ማንም ያውቃል፤ የእኛም ተበላሽቶ ነው የሰነበተው» አሉ። «ይህ ወረቀት የሚለኝ አንድ ነገር ጠፋ ነው። የጠፋው ነገር እንደነበረ የሚያውቅ ማን ነው? አባላቱ ይመስክሩ ብትሉኝ የሳቸው ደንበኞች ናቸው። ባለቀ ሰዓት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ጽፋችሁ፣ የአራት ዓመት ነው ብትሉኝ እንዴት ላምን?»

ጋሽ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር፤ ጠርዙን በጣታቸው ሲያዞሩት አየሁ። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ጽሑፉ እንደነበረ ማረጋገጥ የሚችለው በትክክል እንዴት እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ሲስተሙ አይደለም» አልኩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። ግን አንዴ ከጀመርኩ አላቆምኩም። ወደ ኋላ የተመለሰውን ቀን ነገርኳቸው፣ የአምስት ዓመቱን ጥያቄ ነገርኳቸው፣ ከየጥቅምቱ የሚጎድሉትን ሁለት ቀኖችና የሚዘጋውን ጳጉሜን ነገርኳቸው። ሳላጣራ አዎን ማለቴን፣ ቅጂውን በባዶ ማስደምሰሴን፣ አሮጌውን መዝጋቴን፣ ጫልቱ ልታሳትም ስትመጣ ቆዪ ያልኳት እኔ መሆኔን፣ በቃለ ጉባኤው ላይ በሐሰት መፈረሜን ነገርኳቸው። ጥቅምት ላይ ስደርስ አንደኛው መርማሪ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰብሳቢዋ አልሳቁም። ይህን በጽሑፍ ትሰጪናለሽ ወይ፣ ከነስምሽ ከነመሥሪያ ቤትሽ አሉኝ። እሰጣለሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሰው ፈልስፎ በራሱ ላይ አያወራም፣ ስለዚህ አምኛለሁ አሉ፤ የተግባር ፈተናውን ለረቡዕ ቀጠሩላቸው።

ጋሽ ቶሎሳ ይቅር ይሉኛል፣ እንዲያውም ያመሰግኑኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። ሦስታችንም ታክሲ ተሳፈርን። እንደምታውቁት እሳቸው የሚያህል ትልቅ ሰው አብሮት ለተሳፈረ ልጅ ሳይከፍል አይወርድም፤ ብትከለክለውም ይቆጣል። ረዳቱ ሂሳብ ሲል ጋሽ ቶሎሳ «የሁለት ሰው» ብለው ለራሳቸውና ለጫልቱ ከፈሉ። የእኔን እኔ ከፈልኩ። ወሰን ሲደርሱ ወረዱ፤ ጫልቱ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ለአቶ ገረመው ራሴ ገብቼ ተናገርኩ። አልተቆጡም፤ ከልባቸው ግራ ገባቸው። ቃለ ጉባኤው ተዘግቶ ነበር እኮ፣ ማን ጠየቀሽ አሉኝ። የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ለሌላ ተሰጠ፤ በማኅደሬ ውስጥ ደግሞ «ጥንቃቄ የጎደለው አሠራር» የሚል ማስጠንቀቂያ ገባ። ጽሑፉን ያረቀቁት አቶ ገረመው ናቸው፤ አማርኛው ያማረ ነበር። እናቴ ለጸሎት ቡድኗ ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅኋትም።

ጋሽ ቶሎሳ ተቀጠሩ። ጫልቱ ናት የነገረችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ያቺን ሁለት ቃል ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም፤ ለማለት አፌን ስከፍት ያ የባርኔጣ ጠርዝ ሲዞር ስለሚታየኝ ነው። እናንተም በመስኮት በኩል ያለው ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ብሎ ሲመልሳችሁ ስንት ጊዜ አንገታችሁን ነቅንቃችሁ ተመልሳችኋል? ከመስኮቱ ወዲያ ደግሞ ስንቶቻችን ነን ስም ያለው ሰው ሳለን በሲስተም ስም የምንፈርመው? እኔ ቁጥራችንን አላውቅም፤ ከመካከላችን እንደነበርኩ ግን አውቃለሁ። የክፍል ኃላፊነቱን አጥቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሬ በፊት ማን ይጠይቀኛል ሳይሆን ማን ይጎዳብኛል ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ግን ያኔ ነው።

በአዲሱ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ላይ ጫልቱ ደወለችልኝ፤ አባቴ ክፍላቸው እንድትመጪ ይፈልጋሉ አለችኝ። ሄድኩ። ጋሽ ቶሎሳ ነጭ ጋውን ለብሰው፣ በሠላሳ ተማሪዎች ፊት ቆመው ነበር። ሰላም እንኳን ሳይሉኝ ወደ ፊት ጠርተው «የአራት ዓመት ሥራዬን ያጠፋችው ልጅ ይህች ናት» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ንገሪያቸው አሉ። ነገርኳቸው፤ ከጥቅምቱ ጀምሮ እስከ ፊርማው ድረስ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ፊርማው ላይ ስደርስ ግን ደብተራቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተጠራሁ፣ በሦስተኛውም በአራተኛውም። ሁልጊዜ በዚያው ቃል ነው የሚያስተዋውቁኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በአምስተኛው ዓመት ጡረታ ሊወጡ ነበር። ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ ነጥቷል፤ ጠረጴዛውን ተደግፈው ነው የሚቆሙት። እንደ ወትሮው ገብቼ ፊት ለፊት ቆምኩና ቃላቸውን ጠበቅኩ።

«ይህች ልጅ» አሉ ለተማሪዎቹ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ የተናገረችው ናት።»

ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ገልጠው እንድጀምር ይጠብቁኝ ነበር። ለጋሽ ቶሎሳ ወንበር ሳብኩላቸውና እንደ ወትሮው ከጥቅምት ጀመርኩ።